በየነች ጀልባውን ስትደፍን

በየነች ውኃ ትፈራ ነበር። ተወልዳ ያደገችው ሻሪ ወንዝ ዳር ቢሆንም ከጉልበቷ በላይ ገብታ አታውቅም። አባቷ ጫካ ውስጥ ትልልቅ ዛፎች ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩና ከእሳቸው የተማረችው ማር መቁረጥና ሰም ማንጠር ነው። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የሚወስደው መንገድ ከወንዙ ማዶ ያልፋል፤ የእነበየነች መንደር ግን ወዲህኛው ዳርቻ ላይ ነው። ገበያ መውጣት የፈለገ ሰው ወይ ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ ግማሽ ቀን ይሄድና በመልካው በእግሩ ይሻገራል፣ ወይ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለች ታንኳ ላይ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። በየነች ሁልጊዜ የምትሄደው በመልካው ነበር።

ባዘዘው ወደዚያ አገር የመጣው በ1984 ዓ.ም. በቡና ለቀማ ወቅት ነው። የደንቢያ ልጅ ነው፤ ጣና ዳር አድጎ፣ ባሕር ኃይል ገብቶ፣ ምጽዋ ላይ የመርከብ አናጺና ቀለም ቀቢ ሆኖ ብዙ ዓመት አገልግሏል። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን እናቱ ቤት መመለስ አልሆነለትም። "ተሸንፌ እናቴ ደጅ አልቆምም" አለና፣ አብሮት ያገለገለ የቴፒ ልጅ "እኛ አገር ቡናው ለቃሚ አጥቷል" ያለውን ብቻ ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። ከባሕር እንዲያ ርቆ፣ ዝናብ የማያባራበት ጫካ ውስጥ ሲያዩት ሰዎች "ባሕረኛው" አሉት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ ስሙ ሆኖ ቀረ።

በየነችን ያገኛት አባቷ ደጅ ሰም ስታነጥር ነው። ቆሞ ሲያያት ቆየና፦

"ይህን ሰም ምን ታደርጉታላችሁ?" አላት።

"ለጧፍ የሚገዙ ሰዎች ይወስዱታል።"

"ለእኔ ብታስቀምጪልኝ ጀልባ እደፍንበታለሁ።"

"የምን ጀልባ?"

"ገና አልሠራሁትም።"

በየነች በሳቅ ፈረሰች። ባዘዘው ዕድሜውን ሙሉ "ያን ቀን ባትስቅ ኖሮ ለቀማው ሲያልቅ እሄድ ነበር" ሲል ኖሯል።

ጀልባው ከሠርጋቸውም በኋላ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። የቀረሮ ጣውላ አሰነጠቀ፣ በእንፋሎት እያለዘበ አጎበጠው፣ እርስ በርሱ አያያዘው። መሀሉ ላይ ምሰሶ አቆመለትና ከአቡጀዴ የተሰፋ ሸራ ሰቀለበት። ሽማግሌዎች "ወንዝ ላይ ሸራ ምን ያደርጋል?" ብለው ሳቁ። እውነትም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሻግረው በመቅዘፊያ ነበር። በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከቆላው በኩል ነፋስ ሲነሳ ግን ሸራውን ይለቀውና መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በየነች ከዳር ሆና ያን ጊዜ ፊቱን ማየት ትወድ ነበር።

በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ጀልባው ከውኃ ይወጣል። ዳርቻው ላይ ባለው ሾላ ሥር ይገለበጥና የዓመቱ ሥራ ይጀመራል። አሮጌው ቀለም ይፋቃል። ጣውላና ጣውላ የሚገናኙበት መስመር ሁሉ በመሮ ይከፈታል፤ የበሰበሰው ቃጫ ወጥቶ አዲስ ይጠቀጠቅበታል፤ በላዩ ሬንጅና ሰም አብሮ ቀልጦ ይፈስበታል። ሬንጅ ብቻውን ከሆነ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል ይላል ባዘዘው፤ ሰም ሲገባበት ግን እንጨቱ ሲያብጥ አብሮ ያብጣል፣ ሲኮማተርም አብሮ ይኮማተራል። ይህ ሁሉ ከደረቀ በኋላ ከታች ቀይ አንቲረስት፣ ከላይ ግራጫ የዘይት ቀለም ይቀባል። ግራጫው የጦር መርከብ ቀለም ነው። ባዘዘው ጀልባ ላይ ሌላ ቀለም ማየት አይፈልግም ነበር።

ቃጫ መጠቅጠቁን ቀስ በቀስ በየነች ወሰደችው። "የእኔ እጅ ይቸኩላል፤ የእሷ አይቸኩልም" ይላል ለሚጠይቀው ሁሉ። ስንጥቁን በጣቷ እየዳበሰች፣ ቃጫውን እየገመደች፣ በመዶሻ ቀስ እያለች ትመታዋለች፤ ድምፁ ሲደፈን ሞልቷል ማለት ነው። በገዛ እጇ በደፈነችው ጀልባ ግን መሳፈር አትደፍርም ነበር። ባዘዘው ሲለምናት "እኔ ከመሬት ሆኜ እጠብቅሃለሁ" ትለዋለች።

ልጃቸው ዮሃና እናቷን አልመሰለችም። በ1986 ተወለደች፤ ሌላ ልጅ አልደገሙም። መራመድ ሳትችል ጀልባ ውስጥ ተቀመጠች፣ ፊደል ሳትቆጥር መሪ ያዘች። አንድ ጥር ላይ፣ ገና ጥርሷን እየቀየረች ሳለ፣ ጀልባው ፊት ቆማ "ይሄ ቀለም ያስጠላል" አለች።

"የባሕር ኃይል ቀለም ነው፣ አይነካም" አላት አባቷ።

"እኛ ባሕር ኃይል ነን?"

 ባዘዘው ብሩሹንና የቀለም ቆርቆሮውን አስቀምጦ ሄደ፤ ከገበያም ቢጫ ቀለም ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በጀልባው አፋፍ ዙሪያውን ቢጫ መስመር ይሰመርበት ጀመር። መስመሩን የምትስበው ዮሃና ናት፤ እየተጣመመባት፣ እየሳቀች።

አድጋ ሚዛን ነርስነት ተማረች። ከሚዛን ብዙ ሳይርቅ፣ ሸዋ ቤንች የሚያስተምር ኢዮሲያስ የሚባል ልጅ አገኘችና ተጋቡ። በ2006 ዓ.ም. አረገዘች። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት እንድትወልድ ተነጋገሩ፤ ጥር ሲያልቅ ልትመጣ ተቀጠረ። ባዘዘው ለእሷ ሲል ሥራውን ቀደም አድርጎ ጀመረ። ጀልባው እንደ አዲስ ሆኖ እንዲጠብቃት ፈልጎ ነበር።

ቀለሙ ሊያልቅ በተቃረበበት ቀን ጠዋት በየነች በጀልባው ሆድ ላይ አንድ መስመር ስትዳብስ አልጣማትም።

"ይሄ ልል ነው" አለች።

"ለዘንድሮ ይበቃዋል። ዛሬ ማታ ውኃ ላይ ላውለው ነበር እኮ።"

"ልጄ የምትሳፈርበት ነው። ይከፈት።"

ከፈተው። እሷም ተቀምጣ ቃጫ መጠቅጠቅ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ከማዶ "አባዬ!" የሚል ድምፅ ሰሙ። ዮሃና ናት፤ ከቀጠሮዋ ቀድማ መጥታለች። ቦርሳዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ እጇን ታወዛውዛለች። ሆዷ ከዚህ ዳርቻ ይታያል።

"ምነው ሳትነግሪን?" ብሎ ጮኸ ባዘዘው።

"መኪና አገኘሁና መጣሁ!"

"ጀልባው ተገልብጧል! ዛሬ ማዶ ዘመድ ቤት እደሪ፤ ነገ ቀለሙ ይደርቃል!"

"ቀለምህ ይድረቅልህ! እኔ በአጎቴ እመጣለሁ!" አለች እየሳቀች።

አጎቷ ማቴዎስ የበየነች ታናሽ ወንድም ነው። የዚያ ሰፈር የግንድ ታንኳ የእሱ ነበረች፤ ያን ሰዓትም ማዶ ቆሞ ነበር። ያለወቅቱ ደጋው ላይ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል፤ በመልካው በእግር መሻገር አይታሰብም። ባዘዘው ውኃውን አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ።

"ማቴዎስ ይችላል" አለች በየነች፣ ዓይኗን ከስንጥቁ ሳታነሳ። "ስንቱን አሻግሯል።"

ታንኳዋ ከወንዙ አጋማሽ አለፈች። ከላይ የመጣ ግንድ በጎኗ መታትና ተገለበጠች። ባዘዘው ሬንጅ በነካው እጁ፣ ከነልብሱ ገባ። ዋናተኛ ነው፤ ግን ደራሽ ውኃ ነበር። ማቴዎስ የዛፍ ሥር ይዞ ወጣ። ዮሃናን ወደ ታች ብዙ ርቀት ወርደው፣ ድንጋይ ያገዳት ቦታ ላይ አገኟት።

ለቅሶው ሲበተን በየነች ባሏን እንዲህ አለችው፦ "ቀለም ይድረቅ አልክ። ልጄን ለቀለም ሰጠሃት።"

ባዘዘው አልመለሰላትም። ስንጥቁ ይከፈት ያለችው እሷ እንደሆነች፣ ማቴዎስ ይችላል ያለችውም እሷ እንደሆነች ሊነግራት ይችል ነበር። አልነገራትም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን እንኳ አላነሳባትም። በየነች ዝምታውን መጀመሪያ እንደ ጥፋተኝነት ቆጠረችው። እየቆየ ሲሄድ ግን ዝም የሚለው ለማን እንደሆነ ገባት፤ ያ ከንዴቷ የበለጠ ከበዳት። ይቅርታ ልትለው ስትነሳ አፏ ይታሰራል። ስለ እንጨት፣ ስለ ጨው፣ ስለ ዝናብ ብቻ እየተነጋገሩ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። ኢዮሲያስ ሥራውን ወደ ማጂ አዛውሮ ሄደ። ማቴዎስ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ በየነች ከተቀመጠችበት ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሁለተኛ አልመጣም። ጀልባው በግማሽ ቀለሙ፣ አንድ መስመሩ እንደተከፈተ፣ ሾላው ሥር ተገልብጦ ቀረ።

ባዘዘው መርሳት የጀመረው በ2008 ነው። መጀመሪያ መላጊያውን የት እንዳኖረ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ ከእርሻ ወደ ቤት የሚያመጣውን መንገድ ረሳ። ሚዛን ሆስፒታል ያዩት ሐኪም ለበየነች "እያደር ይብስበታል፤ ከአጠገቡ አይራቁ" አሏት። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ በ2009 ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ከአልጋው ተነስቶ ጫማውን አጠለቀና፦

"አንቺ፣ ጥር ገባ እኮ። ዮሃና ልትመጣ ነው። ጀልባውን መቼ ነው የምንደፍነው?" አላት።

በየነች የያዘችውን አስቀመጠች። እጁን ይዛ እውነቱን ነገረችው።

እንደ መጀመሪያው ቀን ሆነ። መሬት ላይ ተደፋ፤ ስሟን እየጠራ ፊቱን ነጨ። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ለቅሶ ያለ መስሎት አብሮ አለቀሰ። ማግሥቱን ረጋ ብሎ ተነሳ። ቁርሱን በላ። አፉን ጠርጎም "ዮሃና ልትመጣ ነው፤ ጀልባው ምን ላይ ነው?" አለ።

ያን ቀንም ነገረችው። ያን ቀንም ልጁ እንደገና ሞተችበት። ሌላ ጊዜ ሲጠይቃት ግን ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችና "አዎ፣ ትመጣለች። እንደፍነዋለን" አለችው።

በመልካው ተሻግራ፣ በሚኒባስ ሚዛን ወርዳ አንቲረስት፣ ግራጫ ቀለም፣ ቢጫ ቀለም፣ ቀለም ማቅጠኛ አኳራጅና የብርጭቆ ወረቀት ገዛች። ሰሙ ከአባቷ ቤት ተገኘ። ከዚያ ሁለቱ ሾላው ሥር ተቀመጡ። ጀልባው በሦስት ክረምት ብዙ ተጎድቶ ነበር፤ ቀለሙ በእጅ ሲነካ ይረግፋል፣ ከመስመሮቹ ውስጥ ሣር በቅሏል። ባዘዘው የሚስቱ ስም የሚጠፋበት ቀን ነበር፤ እጁ ግን ሥራውን አልረሳም። ሲፍቅ ከእንጨቱ ሐረግ ጋር ይፍቃል፤ ሰሙና ሬንጁ ሲቀልጥ ሽታውን አሽትቶ "በቃው፣ አውርጂው" ይላል። በየነች ያን የተከፈተ መስመር ወደ መጨረሻ አቆየችው። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ግን የቀረው እሱ ብቻ ሆነ። አጠገቡ ተቀመጠች፤ መዶሻውን አንስታ መምታት አቃታት።

ባዘዘው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እንደማያውቃት ሰው በትሕትና አያት።

"እመቤቴ፣ ይህን ጠንከር አድርገው ይድፈኑልኝ" አላት። "ልጄ ስትመጣ ጀልባው ውኃ ላይ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ አልነበረም።"

"አንድ ጊዜ ምን ሆነ?" አለች በየነች።

ግንባሩን እያሻሸ ብዙ አሰበ።

"ጠፋኝ" አለ። "ብቻ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

በየነች "አይደለም" አለችው። "ጥፋቱ የአንተ አይደለም። መስመሩን ያስከፈትኩህ እኔ ነኝ። በታንኳ ትምጣ ያልኩትም እኔ ነኝ።" ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ተፈልጎ የጠፋ ቃል ነበር፤ የወጣው ደግሞ ሰሚው ምን እንደሆነ በማያውቅበት ሰዓት ነው። ባዘዘው ግራ ተጋብቶ የኮቱን እጅጌ ዘረጋላትና "አያልቅሱ፣ ሰው ይመጣል" አላት። እሷም ቃጫውን ገመደች፤ መስመሩን እያለቀሰች ደፈነችው።

ጀልባውን አገላብጦ ወደ ውኃ ማውረድ ግን የአንዲት አሮጊትና የአንድ ሽማግሌ ጉልበት አልነበረም። በየነች ነጠላዋን ለብሳ ወደ ማቴዎስ ቤት ሄደች። ወንድሟ ደጁ ላይ ቡና ያሰጣ ነበር። ሲያያት ቡናውን የሚበትንበት እንጨት ከእጁ ወደቀ።

"እቴ" አለ።

"ጀልባውን ልናወርድ ነው" አለችው። "ባዘዘው ዮሃናን ሊቀበል ይፈልጋል።"

ማቴዎስ ነገሩን ሰምቶ ነበርና አልጠየቀም። "እኔ በእጄ ልንካው?" አላት ብቻ።

"አንተ ካልነካኸው ማን ይነካዋል? ያለ አንተ ወንድም የለኝ።"

አብረው ወረዱ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ማቴዎስ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። በየነች ጀርባው ላይ እጇን አድርጋ እስኪበርድለት ቆመች። ከዚያ ጎረቤት ተጠርቶ ጀልባው ተገለበጠ፣ እየተንሸራተተ ወረደ። በአፋፉ ላይ ያለውን ቢጫ መስመር የሳበችው በየነች ነበረች፤ "ቢጫውን እንዳትረሺ" ብሎ ባዘዘው ስለነዘነዛት። ጀልባው ውኃ አላስገባም።

ባዘዘው ገብቶ መሪውን ያዘ፤ ከዳር ለቆመችው ሚስቱም እጁን ዘረጋ። በየነች ውኃውን አየችው። ልጇን የወሰደ ውኃ ነው። "ከመሬት ሆኜ እጠብቅሃለሁ" አላለችም። እጁን ይዛ ገባች፤ ዓይኗን ጨፍና ጎኑ ተቀመጠች። ማቴዎስ ሸራውን ለቀቀ። ነፋሱ ቀጭን ነበር፤ ግን ይዟቸው ሄደ።

ማዶ ሲደርሱ ባዘዘው ወርዶ መንገዱ ዳር ተቀመጠና ከሚዛን በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ አየ። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ይነሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ በየነች ዞረ።

"አልመጣችም እንዴ?"

"መኪና አጥታ ይሆናል" አለች በየነች።

"እንግዲህ ነገ።"

"ነገ።"

ያን በጋ ሙሉ እንዲህ አሳለፉ። ከሰዓት በኋላ ይሻገራሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ይመለሳሉ። መንደርተኛው አውቆ ዝም አለ፤ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴት ሁለት ብርጭቆ ሳትጠየቅ ታመጣለች። በየነች ውሸቷን እየጠላች ሄደች፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ያቺን ሰዓት ስትጠብቅ ራሷን አገኘችው። በዓለም ላይ ልጇን እንደ ሕያው የሚጠራ ሰው እሱ ብቻ ነበር። መንገድ ዳር ተቀምጣ "ትመጣለች" ባለች ቁጥር ለአንዲት ትንፋሽ ያህል እሷም ታምን ነበር።

በ2010 ጥር ሲገባ በየነች ቀለሙን ገዝታ፣ ሰሙን አንጥራ ጠበቀች። ባዘዘው አልጠየቀም። ቀናት አለፉ፤ አልጠየቀም። በመጨረሻ እሷ ራሷ አጠገቡ ተቀምጣ፦

"ባዘዘው፣ ዮሃና ልትመጣ ነው እኮ። ጀልባውን አንደፍንም?" አለችው።

ፈገግ ብሎ፣ እንግዳ እንዳያስቀይም እየተጠነቀቀ አያት።

"ዮሃና ማን ናት?" አላት።

 በየነች ስታለቅስ ኖራለች፤ ያን ቀን ግን እንባ አልነበራትም። ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙራለት፣ ጋቢውን እግሩ ላይ አድርጋለት፣ ነገረችው። ዝናብ በበዛበት ሌሊት እንዴት እንደተወለደች፣ መራመድ ሳትችል ጀልባ ውስጥ እንደተቀመጠች፣ "እኛ ባሕር ኃይል ነን?" ብላ እንደጠየቀች፣ ነርስ ሆና የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ለአባቷ ካፖርት እንደገዛች ነገረችው። ሸዋ ቤንች ላይ ስታገባ ስላደረገችው ጭፈራም ነገረችው። እዚያ ላይ አቆመች።

"ጥሩ ልጅ ናት" አለ ባዘዘው።

"ጥሩ ልጅ ናት" አለች።

ባዘዘው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አረፈ። አስከሬኑን ማዶ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ያሻገረው ማቴዎስ ነው፤ በጀልባው። በየነች ከሬሳው ራስጌ ተቀምጣ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ተሻገረች። ጀልባውን ለወንድሟ ሰጠችው፤ እሱም ሰው ያሻግርበታል። እሷ ግን ገበያ ስትወጣ አሁንም በመልካው፣ በእግሯ ነው የምትሄደው።